ልጃችንን ለትምህርት ወደ ጀርመን እንላክን ወይስ ወደ ካናዳ?

ሰው ለልጁ ከሚያወርሰው ሀብት ሁሉ ትምህርት እንደሚበልጥ የማያምን ወላጅ ዛሬ በአገራችን አይገኝም። ነገር ግን መልካም ኀሳብ ምርመራ ሲጐድለው ቤት ያፈርሳል። ባለፈው ወር ባልና ሚስት፥ የሚኖሩበትን ቤት አስይዘው ለመበደር የተዘጋጀውን ውል ይዘው፥ ምክር ለመጠየቅ ወደ መዝገብ ቤታችን መጥተው ነበር። «ልጃችሁ የሚሄደው ወዴት ነው?» ብንላቸው፥ አባት «ወደ ካናዳ» አሉ፤ እናት ግን «ወደ ጀርመን» አሉ። ቤቱ ሊያዝ ተዘጋጅቷል፤ አገሩ ግን ገና አልተቈረጠም። ከመያዣ ውል የሚነሣውን ክርክር ዘወትር የምንጽፍ ስለሆንን፥ ለእነርሱ የነገርናቸውን ለአንባቢዎቻችንም ልንገልጽ ወደድን።

ሁለቱም አገሮች ለእኛ እንግዶች አይደሉም። በ1652 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን፥ ወደ ጎታ ከተማ ሄደው ከሊቁ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋራ ስለ ግዕዝና ስለ አማርኛ ሠርተዋል፤ ሉዶልፍም በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳትሟል። ከካናዳ ደግሞ ዶክተር ሉስየን ማት መጥተው፥ በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። አንዱ አገር ከእኛ ተማረ፤ ሁለተኛው እኛን አስተማረ። ይሁን እንጂ ወዳጅነት የትምህርት ዋጋ አይከፍልም።

እንግዲህ ስለ ገንዘቡ እንናገር። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የትምህርት ዋጋ አይጠይቁም፤ በየመንፈቁ ጥቂት መዋጮ ይቀበላሉ እንጂ። ከዚህ የሚለየው በተለይ ባደን ቩርተምበርግ የተባለው ክፍለ ሀገር ነው፤ ከ2017 ጀምሮ ከኤውሮጳ ኅብረት ውጭ የመጣውን ተማሪ በመንፈቅ 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የትምህርት አበል ወይም ዋስ የሌለው ተማሪ ግን ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን ገንዘብ «ብሎክድ አካውንት» በሚባለው ዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ አለበት፤ በመስከረም 2024 የተወሰነው ልክ 11,904 ዩሮ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ገንዘብ የልጁ ነው። እዚያ ሲደርስ በየወሩ 992 ዩሮ እያወጣ ይተዳደርበታል፤ ቪዛ ቢከለከልም ይመለስለታል።

በካናዳ የውጭ አገር ተማሪ የሚከፍለው ከአገሬው ተማሪ እጅግ ይበልጣል፤ በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች በዓመት ከ20,000 የካናዳ ዶላር በላይ ነው። ይህም ከተከፈለ በኋላ የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ነው። ከዚህም በላይ፥ ከኬቤክ በቀር፥ ለመኖሪያ የሚሆን 22,895 ዶላር መኖሩን ማስረዳት በመስከረም 2025 ታዟል። ከ2024 ጀምሮም መንግሥቱ የሚሰጠውን የተማሪ ፈቃድ ብዛት ወስኗል።

በገንዘብ ጀርመን ብትረታም በጊዜ ካናዳ ትረታለች። በካናዳ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ክፍል ልጁ በለመደው ቋንቋ ወዲያው ይጀምራል። በጀርመን ግን የመጀመሪያው ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ በጀርመንኛ ይሰጣል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃ ብቻ የያዘ የአገራችን ልጅም ብዙ ጊዜ «ሽቱዲየንኮሌግ» በሚባለው መሰናዶ አንድ ዓመት ተምሮ መፈተን ይገባዋል። ቋንቋ የሚለምድበት ጊዜ ሲታከልበት ሁለት ዓመት ሊደርስ ይችላል። ትዕግሥት የሌለው ልጅ ከመንገድ ይቀራል።

«ሠርቶ ይከፍላል» የሚሉም አሉ። በጀርመን ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን፥ በካናዳ በትምህርት ወራት ከግቢ ውጭ በሳምንት 24 ሰዓት እንዲሠራ ተፈቅዷል። ከምረቃም በኋላ ጀርመን ሥራ መፈለጊያ 18 ወር፥ ካናዳ እንደ ትምህርቱ ርዝመት እስከ 3 ዓመት የሥራ ፈቃድ ትሰጣለች። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የተማሪ ሥራ ምግብን ይደግፋል እንጂ የቤት ዕዳ አይከፍልም። ዕዳው በብር፥ ወጪው በውጭ ገንዘብ ሲሆን ደግሞ፥ በሐምሌ 2024 እንዳየነው፥ የምንዛሬው ለውጥ የወላጅን ስሌት በአንድ ቀን ያፋልሳል።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። የትምህርት አበል ያገኘ ወይም ወላጆቹ ሳይበደሩ የሚከፍሉለት ልጅ ካናዳን ቢመርጥ አንነቅፍም። ሀብቱ አንድ ቤት ብቻ የሆነ ቤተሰብ ግን ጀርመንን ይመልከት፤ ልጁም ከመሄዱ በፊት በአገሩ ሳለ ጀርመንኛ ይጀምርና ትዕግሥቱ ይፈተን።

በመጨረሻ ባልና ሚስቱን «ልጁስ ምን ይላል?» ብለን ጠየቅናቸው። ሁለቱም ዝም አሉ፤ አልጠየቁትም ነበርና። ውሉን ሳይፈርሙ አጥፈው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እናንተም ወላጆች ሆይ፥ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት በመጀመሪያ ልጃችሁን ጠይቁ።