ተከራይ ጓሮውን ጭኖ ቢሄድ ማን ይከስራል?

በዲምቱ ከተማ ቤት የተከራየ መምህር፣ ነርስ ወይም ነጋዴ በግቢው ጥግ ጎመንና ቃሪያ ቢተክል አከራዩ ላይከለክለው ይችላል። ጥያቄው የሚነሳው ጓዙን ጠቅልሎ በሚወጣበት ዕለት ነው። አልጋውና ሳጥኑ በጋሪ ይጫናሉ፤ ጎመኑ ግን ለአከራዩ ይቀራል። ሕጉም ወደዚያው ያደላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1133 ዛፍና ሰብል ከመሬቱ እስካልተለዩ ድረስ የመሬቱ አካል እንደሆኑ ይደነግጋል። በመሆኑም ቤት የሚቀያይር ሰው ጉልበቱን በሰው አፈር ላይ ማፍሰስ ኪሳራ መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም።

መፍትሔው ግን ከእጅ የራቀ አይደለም። ባዶ የዘይት ጀሪካን፣ የእህል ጆንያ፣ የተሰነጠቀ ባልዲ ሥሩ ተበስቶ አፈርና ፍግ ሲሞላ ጓሮ ይሆናል። ያ ጓሮ ደግሞ ከአከራዩ መሬት ጋር አልተያያዘምና የባለቤቱ ዕቃ ነው። ባለቤቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ ዓመቱን ሙሉ በቤት መኪና እየኖሩ የሚዞሩ ሰዎች ቅጠላ ቅጠላቸውን በባልዲ ያበቅላሉ፤ ሲቆሙ ፀሐይ ላይ ያወጡታል፣ ሲነዱ ወደ ውስጥ ያስገቡታል። በናይሮቢው ኪቤራ የድሆች ሰፈርም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ቤተሰቦች በጆንያ ጎን ቀዳዳ እየበሱ ጎመን አምርተዋል። ለወላይታ ሰውማ ተክል ማዛወር የኖረበት ሙያ ነው። እንሰት ከእናቱ ግንድ ተነጥሎ፣ ተዛውሮና ዳግም ተተክሎ የሚያድግ እንጂ በበቀለበት የሚቀር ተክል አይደለም።

የሚያዋጣውን መምረጥ ግን የግድ ነው። በጀሪካን ድንች ወይም በቆሎ አመርታለሁ የሚል ሰው ትርፉ ድካም ነው። ቆስጣ ግን በሁለት ወር ግድም ለምግብ ይደርሳል፤ የውጪው ቅጠል እየተቀነጠበ መሐሉ ስለሚያድግ ደጋግሞ ይቆረጣል። ቃሪያ፣ በሶብላና ጤና አዳምም ጠባብ ቦታ ይበቃቸዋል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ለወላይታው ዳጣ የሚያስፈልጉ ናቸው። ዳጣ የማይቀርብበት የሥጋ ገበታ በማይታሰብበት አገር ደንበኛ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም።

ስሌቱን የሚያበላሹ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ውኃ ነው። ዲምቱ ቆላ ናት፤ በዕቃ ያለ አፈር ከመሬቱ ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃል፣ በበጋ በየቀኑ ይጠጣል። ውኃ በጀሪካን እየተገዛ ቆስጣ የሚያጠጣ ሰው ከገበያ ቢገዛ ይሻለዋል። አትክልትና እህል የታጠበበትን ውኃ መልሶ የሚጠቀም ግን ያተርፋል። ሁለተኛው ክብደት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እርጥብ አፈር ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፣ አሥር ጀሪካን ያለው ሰው የጫኝና አውራጁን ሂሳብ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ታጥቦም ቢሆን ለምግብ ተክል መዋል የለበትም። ባዶ ዕቃ የሚነግዱ ሰዎች የዘይቱን ከመድኃኒቱ ለይተው ካልሸጡ ነገ ደንበኛ ብቻ ሳይሆን ጤናም ይጠፋል።

አትክልት ነጋዴው በዚህ ሊሰጋ አይገባውም። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ዛሬም በመኪና ተጭኖ ይመጣል። በቆላ ሙቀት ከመሸጡ በፊት ጠውልጎ የሚጣለው ቅጠል ግን ለነጋዴውም ዕዳ እንጂ ትርፍ አልነበረም። ይልቅ አዲሱ ገበያ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የተፈላ ችግኝ፣ የበሰለ ኮምፖስት፣ ተበስቶና ተሞልቶ የተዘጋጀ ጆንያ የሚያቀርብ ሰው በዲምቱም ሆነ በወላይታ ሶዶ በትንሽ መነሻ ገንዘብ ሊጀምር ይችላል። ደላላውም ቢሆን ቤት ሲያከራይ ውኃና ፀሐይ ያለበትን ግቢ ለይቶ ቢያሳይ የሚከፈለው ኮሚሽን አይቀንስበትም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራ መወሰኑን ግን ለክልሎች ትቷል። ተከራይ የረጋ ውል እስኪያገኝ ድረስ ሀብቱን በሚነሳ ዕቃ ላይ ቢያስቀምጥ ብልህነት ነው። ጓሮው አብሮት ሲጫን አከራዩ የራሱን መሬት አላጣም፤ ተከራዩም የደከመበትን አልተወም። የሚከስር ካለ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠው ነው።