አንኮበር ስንት ቤት ይጎድላታል?

የቤት ችግር በተነሳ ቁጥር ሁላችንም የምንሮጠው ወደ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የቀድሞዋ የሸዋ መናገሻ አንኮበርስ?

ነገሩ ከቆጠራ ይጀምራል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ተከታዩ በ2011 ዓ.ም. እንደተራዘመ ቀርቷል። ያኔ የተወለደው ሕፃን ዛሬ ጎጆ ሊወጣ ደርሷል።

በትንሽ ከተማ ቤት ፈላጊ ሲባል ቶሎ የሚታየን፣ ከሌላ ቦታ ተመድቦ አንድ ክፍል የተከራየ መምህር ወይም ነርስ ነው። የማይታየን የገጠሩ ወጣት ነው። በአማራ ክልል መሬት የተሸነሸነው በ1989 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ ያደገው ልጅ በአመዛኙ የወላጁን ውርስ ወይም ስጦታ ይጠብቃል። ሚስት አግብቶ አባቱ ጣሪያ ሥር ቢኖር፣ ቤት አልባ ብሎ የሚመዘግበው የለም።

ሕጉስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 የሀገር አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች መጠለያ እንዲያገኙ ፖሊሲዎች እንዲያልሙ ይላል። (እኛ የሕግ ሰዎች እንደምናውቀው፣ ይህን ይዞ ፍርድ ቤት መሄድ ዘበት ነው።) በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ ጨረታን አስቀደመ፤ በጨረታ ደመወዝተኛ ነጋዴን አይረታም። ይሁን እንጂ አዋጁ ለመኖሪያ ቤት ማኅበራት የምደባ በር ትቶ ነበር። ለአንኮበር የሚበጃት ይኸው መንገድ ይመስለኛል፤ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ምን ይሠራላታል?

ማን፣ ስንት ቤት እንደሚፈልግ ለማወቅም አገር አቀፍ ቆጠራ መጠበቅ የግድ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው የእያንዳንዱን ቤተሰብ ማኅደር ይይዛሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር ስንት ባለትዳር እንዳለ ወረዳው ከእነሱ ጠይቆ ሊጀምር ይችላል።