ታንኳውን ከማውረዳችን በፊት ተራራውን እንይ

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲቃረብ በግቢያችን የጉዞ ወሬ መነሣቱ የተለመደ ነው። በኮዬ ፈጬና በአካባቢው በምንኖረው ተማሪዎች መካከል ሰሞኑን የሚወራው ግን ለየት ያለ ነው፤ ይኸውም በአዋሽ ወንዝ ላይ ከሆምቦሌ ተነሥቶ በታንኳ ወደ ቆቃ ሐይቅ መውረድ ነው። ሐሳቡን እንደግፋለን። አገሩን በካርታ ላይ ብቻ የሚያውቅ ወጣት አገሩን ዐወቀ አይባልምና። ነገር ግን እስካሁን የሰማነው ዕቅድ ሁሉ የሚጀምረው ከታንኳው ነው፤ ስንት ሰው ይይዛል፣ ኪራዩ ስንት ነው፣ ስንቁን ማን ያዘጋጃል የሚል ነው። እኛ የምንለው ዕቅዱ ከተራራው ይጀምር ነው።

ተራራው ዝቋላ ነው። ሰማዩ ሲጠራ ከኮንዶሚኒየሙ ፎቅ ላይ ሆነን በስተ ደቡብ የምናየው፣ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ፣ በአናቱ ሐይቅ የተሸከመ፣ ጽድና ወይራ የለበሰ ተራራ ነው። አዋሽ በስተ ደቡቡ ያልፋል፤ ከተራራው የሚወርደውም ጎርፍ መድረሻው አዋሽ ነው። ይህም ደን እሳትን የሚያውቅ ደን ነው። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. በተነሣው ቃጠሎ ከአዲስ አበባና ከአካባቢው ከተሞች ብዙ ወጣቶች እሳቱን ለማጥፋት ወደ ተራራው መውጣታቸውን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ።

ልብ በሉ፣ እኛ ዕረፍት የምናገኝባቸው ወራትና ደን የሚቃጠልባቸው ወራት አንድ ናቸው። የባሌና የቦረና ደኖች በ1992 ዓ.ም. የነደዱት በበጋው ማብቂያ ነበር፤ ያን ጊዜ ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው አብረው ዘምተዋል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. የተቃጠለው በመጋቢትና በሚያዝያ ሲሆን፣ እስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞችን እስከመላክ ደርሳለች። እንግዲህ በበጋ ለጉዞ የሚነሣ ሁሉ ተራራውን ያን ዓመት ተቃጥሎ ሊያገኘው ይችላልና፣ ያን ጊዜ ምን እናደርጋለን ብሎ ከወዲሁ መወሰን ይገባዋል።

በዚህ ነገር ላይ ጓደኞቻችን በሁለት ወገን ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን «እሳቱ በተራራው፣ እኛ በውሃው፤ ምን አገናኘን?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «በተቃጠለ ገዳም ሥር ለመዝናናት መቅዘፍ ነውር ነው፤ ጉዞው ጨርሶ ይቅር» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ነገሩን በአጭሩ የቀጩት ይመስለናል።

ለፊተኛው የምንመልሰው ወንዝ የተራራው ልጅ ነው ብለን ነው። ደን ያለበት ተዳፋት ዝናቡን በቅጠሉ ይቀበላል፣ በብስባሹ ያቆያል፣ በሥሩ አድርጎ ቀስ እያለ ወደ ምድር ያሰርጋል። ደኑ ሲቃጠል ይህ ሁሉ ይጠፋል። ከዚያም በላይ ከቅጠሉና ከብስባሹ ቃጠሎ የሚወጣው ቅባት መሳይ ነገር ወደ አፈሩ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ውሃ የማያስገባ ሽፋን ይሠራል። ስለዚህ ቀድሞ በቀን የሚደርሰው ጎርፍ በሰዓት ይደርሳል፤ ሲደርስም ብቻውን አይመጣም፤ ዐመዱን፣ አፈሩን፣ ድንጋዩንና ግንዱን ይዞ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የበልግ ዝናብ ይጥላል። በታንኳው ላይ ሰማዩ ብራ ሆኖ ሳለ በተራራው ላይ ሊዘንብ መቻሉን ያልቈጠረ ዕቅድ ዕቅድ አይባልም።

ማደሪያም ሌላ ጣጣ ነው። የተቃጠለ ጽድ ወዲያው አይወድቅም፤ ደርቆ ለዓመታት ይቆምና ነፋስ ሲነካው ወይም ሥሩ ተበልቶ ሲያልቅ በድንገት ይጋደማል። ሥሩ ከመሬት በታች ሲጤስ ከርሞ ጉድጓድ ስለሚተው፣ ጤነኛ የሚመስለው መሬት እግር ሲያርፍበት ይናዳል። በደጋ ያለው አስታ ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ ሲያቈጠቍጥ፣ ጽድ ግን ከተቃጠለ አያቈጠቍጥም፤ ከዘር ነው የሚመለሰው፤ የበቀለውንም ችግኝ የእኛ ጫማና የእኛ ድንኳን ሊጨፈልቀው ይችላል። ስለዚህ ጉዳቱ በእኛ ላይ የሚደርስ ብቻ አይደለም፤ እኛም የምናደርሰው አለ።

ለሁለተኛው ወገን ደግሞ የሌላውን አገር ልምድ እናቅርብ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሚኒሶታ ከካናዳ ወሰን አጠገብ ሰዎች በአብዛኛው በታንኳ የሚዘዋወሩበት ሰፊ የሐይቅና የደን አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ፓጋሚ ክሪክ የተባለው ቃጠሎ ከዚሁ ደን ከ37 ሺህ ሄክታር በላይ በላ። መነሻው መብረቅ ነበር፤ ለሳምንታት አዝግሞ በመስከረም ወር በአንድ ቀን ነፋስ ብዙ ማይል ስለ ገሠገሠ፣ በታንኳ የነበሩ ሠራተኞች ሳይቀሩ ሐይቁ ውስጥ ተሸሸጉ። ከዚያ በኋላ ግን አገሩ ለዘለዓለም አልተዘጋም። መንገዱ ታይቶ፣ አደገኛው ዛፍ ተቈርጦ፣ የት እንደሚታደርና የት እንደማይታደር ተነግሮ፣ በፈቃድና በቍጥር ሰው ተመልሶ ገባ። የተቃጠለ አገር የሚያይለትና የሚመሰክርለት ሰው ይፈልጋል፤ ጨርሶ ከተረሳ ሁለተኛ ይቃጠላል።

ዝግጅትንም በሚመለከት ከራሳችን ወንዝ የምንማረው አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የብሪታንያ የጉዞ ቡድን በዐባይ ወረደ። የሠለጠኑ ወታደሮች፣ የተዘጋጁ ጀልባዎች፣ ከላይ የሚረዳ አውሮፕላን ነበራቸው። እንዲህም ሆኖ አንድ ሰው ሞተባቸው፤ የሞተውም ያ ሁሉ ዝግጅት በተደረገለት በዋናው ወንዝ ፏፏቴ ሳይሆን አንድ ገባር ወንዝ ሲሻገር ነው። ሰውን የሚገድለው ሁልጊዜ የተፈራው ቦታ አይደለም። እኛ አውሮፕላን የለንም፤ አብዛኛዎቻችን ዋና እንኳ አንችልም።

ስለ ውሃው ንጽሕናም እንናገር፤ በዚህ ረገድ በዳዮቹ ሩቅ አይደሉም። ከየሰፈራችንና ከቃሊቲ ፋብሪካዎች የሚወጣው ቆሻሻ በአቃቂ ወንዝ አድርጎ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ይህን ሁሉ ይቀበላል፤ እምቦጩም የሚፋፋው በዚሁ ነው። ስለዚህ የመጠጥ ውሃ ከቤት ይያዝ፤ ወንዙ አይጠጣም፣ አይዋኝበትም። ቆቃ ሲደረስም ጉማሬ እንዳለ አይዘንጋ።

ከሁሉ በላይ ግን አገሩ ባለቤት አለው። ዝቋላ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ነው፤ በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ሕዝብ ከየአቅጣጫው ይጐርፍበታል። በአናቱ ያለውም ሐይቅ የጸበል ሐይቅ እንጂ የታንኳ መለማመጃ አይደለም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. አራት የገዳሙ አባቶች መገደላቸውን የሰማ ሰው ወደዚያ አገር የሚወስደውን መንገድ እንደ መናፈሻ መንገድ ሊቈጥረው አይገባም። መንገዱ ሰላም መሆኑን የሚነግሩን የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ የቀበሌው አስተዳደርና የገዳሙ አባቶች ናቸው። «አትምጡ» ካሉ አንሄድም፤ ክርክር የለውም።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን የምናቀርበው ይህ ነው። ጉዞው ከየካቲት ወደ ኅዳር ይዛወር፤ ኅዳር ክረምቱ ያለፈበት፣ ወንዙ የጐደለበት፣ ደኑም ገና ያልደረቀበት ወር ነው። ተራራው በበጋው ከተቃጠለ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ሳያልፍ ታንኳ አይውረድ። ከጉዞው አስቀድሞ ጥቂት ሰዎች ወንዙን ከሚያውቅ የአገሬው ሰው ጋር ዳር ዳሩን በእግር ሄደው ይመልከቱት፤ የሰውዬውም ድካም በተገቢው ዋጋ ይከፈል። ላይፍ ጃኬት ያልለበሰ ታንኳ ላይ አይውጣ። በገባር ወንዝ አፍና በተቃጠለ ዛፍ ሥር አይታደር። ምግቡ በሶና ዳቦ ቆሎ ይሁን፤ ክብሪት ከሻንጣ አይውጣ። ዝናብ ከተራራው በኩል ከጠቈረ ታንኳው ዳር ይያዝ፣ ሰዉም ወደ ከፍታ ይውጣ።

ይህን ሁሉ ማድረግ ከበዛብን፣ ለጉዞው ገና አልደረስንም ማለት ነው። ደርሰን ከሆነ ግን በበጋው፣ የታንኳው ወር ሳይመጣ፣ እሳት ተነሣ ሲባል ባልዲና አካፋ ይዞ ወደ ዝቋላ የሚወጣ ቡድን ከመካከላችን ስሙን ያስመዝግብ። የመዝገቡም የመጀመሪያ ገጽ ለታንኳ ተሳፋሪዎች ይሁን።