ፍሎራይድን ፈርተን ሎሚን አመንን



በውስጥ መስመር ደጋግመው የሚደርሱኝ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ዶክተር፣ ፍሎራይድ የሌለው የጥርስ ሳሙና የትኛው ነው?» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ቦርጭ ለማጥፋት ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ የሎሚ ውሃ እጠጣለሁ፤ አሁን ግን ቀዝቃዛ ነገር ስጠጣ ጥርሴን ይጠዘጥዘኛል» ይላል። ሁለቱ ጥያቄዎች የማይገናኙ ቢመስሉም ለእኔ አንድ ችግር ናቸው፤ የሚጠብቀንን ፈርተን የሚጎዳንን አምነናል።

ሎሚ በብዛት ስንመጥ ጥርሳችን ይጠርሳል አይደል? ነገሩ እዚያ ላይ ነው። ኢናሜል የሚባለው የጥርስ የላይኛው ሽፋን በሰውነታችን ውስጥ ካለው ሁሉ ጠንካራው ነገር ነው፤ ነገር ግን ሕይወት ያለው ሴል የለውም። አጥንት ቢሰበር ይገጥማል፣ ቆዳ ቢቆረጥ ይሽራል፤ ኢናሜል ግን አንዴ ተሸርሽሮ ካለቀ ተመልሶ አይበቅልም። የአሲድ ኃይል የሚለካው ፒኤች በሚባል ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። አፋችን ውስጥ ከ5.5 አካባቢ ሲወርድ ኢናሜል ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል። የሎሚ ጭማቂ ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ ነው፤ ኮላ ለስላሳዎችም ከዚያ ብዙ አይርቁም።

ይሄ ከጥርስ መቦርቦር ይለያል። መቦርቦርን የሚያመጡት ስኳር እየበሉ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። በመሸርሸር ጊዜ ግን አሲዱ በቀጥታ ነው የሚመጣው። ስለዚህ «ስኳር የለውም» የተባለ ለስላሳም ጥርስን ይሸረሽራል። ከታች የሚመጣም አለ፤ ቃር የሚያዘወትረው ሰውና ትውከት የበረታባት ነፍሰ ጡር ጥርሳቸው በጨጓራ አሲድ ይጠቃል።

ወደ ፍሎራይድ ፍርሃት እንምጣ። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ፣ ጥርሳቸው የበለዘ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። ያ ጉዳት ግን የሚመጣው ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ባለበት የልጅነት ዕድሜ፣ ከፍተኛ ፍሎራይድ ያለው ውሃ ለዓመታት ሲጠጣ ነው። አዋቂ ሰው በቀን ሁለቴ ጥርሱን ቦርሾ የሚተፋው የጥርስ ሳሙና ሌላ ነገር ነው፤ ሥራውም ከላይ፣ በጥርሱ ገጽ ላይ ነው። የውሃውን ችግር በሳሙናው ማሳበብ፣ በጎርፍ የተጎዳ ሰው ገላ መታጠብ ይተው እንደማለት ነው። ለዚህም ነው «ከፍሎራይድ ነጻ» የሚለው ማስታወቂያ እንደ ትልቅ ምስጋና ሲቀርብ የማልስማማው።

እውነቱን ለመናገር ፍሎራይድም ብቻውን ተአምር አይሠራም። መቦርቦርን በመከላከል የታወቀ ነው፤ ኃይለኛ አሲድ ሲደጋገም ግን ተራው ፍሎራይድ በጥርስ ላይ የሚተወው ስስ ሽፋን ታጥቦ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ነው ስታነስ ፍሎራይድ፣ ማለትም ቆርቆሮ የሚባለው ማዕድን የተጨመረበት ፍሎራይድ፣ ለመሸርሸር የተሻለ የሆነው፤ አሲድን የበለጠ የሚቋቋም ሽፋን ይተዋል።

ፖሊመር የሚባሉትም እዚህ ላይ ይገባሉ። ፖሊመር ማለት እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ ረጅም ሞለኪውል ነው። ምራቃችን ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ጥርስ ላይ ተለጥፈው ስስ መከላከያ ይሠራሉ። ተመራማሪዎች ያንን መከላከያ ለማጠናከር ጥርስ ላይ የሚጣበቁ ፖሊመሮችን ከፍሎራይድ ጋር ይቀላቅላሉ። ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚወጣው ካይቶሳን አንዱ ነው፤ ከፍሎራይድና ከቆርቆሮ ጋር ተቀላቅሎ በጥርስ ሳሙና መልክ ወጥቷል። ተስፋ ሰጪ ነው። ግን ወዳጆቼ፣ ቀኑን ሙሉ አሲድ እየተጎነጩ በውድ ሳሙና መመካት፣ ቧንቧው ተከፍቶ ወለል መወልወል ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹን ቀንሱ። አንድ ለስላሳ ከምግብ ጋር ጠጥቶ መጨረስና ያንኑ ጠርሙስ በጫት ላይ ለሦስት ሰዓት መጎንጨት አንድ አይደሉም። ጫት አፍ ሲያደርቅ ደግሞ አሲዱን የሚያጥበው ምራቅ ያንሳል።

2. የሎሚ ውሃን እንደ መድኃኒት በየጠዋቱ መጠጣት ተዉ። ቦርጭን ነጥሎ የሚያቀልጥ መጠጥ የለም። ሎሚን በሰላጣና በምግብ ላይ ብሉት።

3. አሲድ ያለው ነገር ከወሰዳችሁ ወይም ካስመለሳችሁ በኋላ ወዲያው አትቦርሹ። የለሰለሰውን ኢናሜል በቡርሽ ትሞርዱታላችሁ። በውሃ ተጉመጥሞጡ፣ ግማሽ ሰዓት ያህልም ቆዩ።

4. በጥርስ ሳሙናው ካርቶን ላይ የፍሎራይዱን መጠን እዩ፤ ለአዋቂ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም ጥሩ ነው። ቦርሻችሁ ስትጨርሱ ትፉት፤ ብዙ ውሃ ይዛችሁ አትጉመጥመጡ፣ ፍሎራይዱ ትንሽ ይቆይ።

5. ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 ላለ የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃለች። እንዳይውጥ አጠገቡ ሁኑ። የምትኖሩት ውሃው ፍሎራይድ በሚበዛበት አካባቢ ከሆነ የልጃችሁን ነገር ከጥርስ ሐኪም ጋር ተመካከሩ።

6. ጥርስ ለማንጣት ተብሎ ሎሚን ከቤኪንግ ሶዳ ወይም ከከሰል ጋር መፈተግን በፍጹም አትሞክሩት። ለጊዜው የነጣ ይመስላል፤ ኢናሜሉ ሲሳሳ ግን ከሥሩ ያለው ቢጫማ ክፍል ይወጣል።

7. ቃር የሚያስቸግራችሁ ለቃሩ ታከሙ። ጨጓራው ሳይታከም ጥርሱ አያርፍም።

የጥርሳችሁ ጫፍ እየሳሳ ብርሃን ካሳለፈ፣ ማኘኪያው ላይ ትንንሽ ጎድጓዳ ቦታ ከታየ ወይም ሙቅና ቀዝቃዛ ከጠዘጠዛችሁ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሕመሙ እስኪብስ አትጠብቁ፤ የተሸረሸረ ጥርስን መሙላትና ማልበስ ምን ያህል ብር እንደሚጠይቅ የሞከረ ያውቀዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ!

ዛሬ ማታ የምትጠቀሙበትን የጥርስ ሳሙና ካርቶን አገላብጣችሁ እዩት፤ ፍሎራይድ አለው? ስንት? የሎሚ ውሃ ለሚያዘወትር ወዳጃችሁም ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉለት።