ሳተላይቱ ቢጠፋም ተራራው ከቦታው አይነቃነቅም

ተሳፋሪ የሚፈራው ማረፉን ነው። እኔ የመሣሪያ በረራ ሳስተምር ይበልጥ የሚያሳስበኝ መነሣቱ ነው። የሚያርፍ አብራሪ መንደርደሪያው ካልታየው ሽቅብ ወጥቶ ሌላ አየር ማረፊያ ይፈልጋል። የሚነሣው ግን ነዳጁን እንደሞላ፣ ክብደቱ ገና ሳይቀልለት፣ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ደመና ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ከተራራ የሚያድነው ዐይኑ ሳይሆን በቻርት ላይ የሰፈረው የመነሻ ሥርዓት ነው።

በአሜሪካ ሳንዲያጎ አጠገብ ብራውን ፊልድ የሚባል አነስተኛ አየር ማረፊያ አለ፤ በስተምሥራቁ የኦታይ ተራራ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1991 የዘፋኟን የሪባ መከንታየርን ሙዚቀኞች የያዘ ጄት በሌሊት ከዚያ ተነሥቶ ተራራውን መታና 10 ሰዎች አለቁ። በጥቅምት 2004 ደግሞ አንድ የአምቡላንስ ጄት እንዲሁ በሌሊት ተነሥቶ በዚያው አካባቢ ተራራ ላይ ወደቀ፤ 5 ሰዎች ሞቱ። ሁለቱም በጨለማ፣ የመሣሪያ በረራ ፈቃዱን አየር ላይ እንቀበላለን ብለው በዕይታ ደንብ የተነሡ ነበሩ። የጨለመ ተራራ ደግሞ ከጨለመ ሰማይ አይለይም።

የመነሻ ሥርዓት መሠረቱ ሬዲዮ ሳይሆን ስሌት ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ መሠረት፣ ቻርቱ ከዚህ የበለጠ ካልጠየቀ በቀር፣ አውሮፕላኑ በየ100 ሜትሩ ጉዞ ቢያንስ 3.3 ሜትር መውጣት አለበት፤ በአንድ የባሕር ማይል 200 ጫማ ያህል ማለት ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር ከበውታል። አየሩ ስስ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው 150 ኖት ሲያሳይ፣ ሞቅ ባለ ቀን እውነተኛው ፍጥነት ወደ 175 ይደርሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ በደቂቃ 500 ጫማ መውጣት የሚበቃው አብራሪ፣ እዚህ ወደ 600 ጫማ ግድ ይለዋል። ሞተሩም በስስ አየር አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ስሌቱ ካልሞላ ጭነት ይቀነሳል ወይም ቀዝቀዝ እስኪል ይጠበቃል። ሻንጣችሁ በሌላ በረራ ይመጣል ስትባሉ ከመናደዳችሁ በፊት ይህን አስቡልኝ።

ከስሌቱ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ አቅጣጫ ነው። ቪኦአር የሚባለው የምድር ጣቢያ የሚልከው ምልክት ተራራ ከጋረደው አይደርስም። በደጋ አገር የሚነሣ አብራሪ፣ ከፍ እስኪል ድረስ መርፌው ሊተኛበት፣ የማስጠንቀቂያ ባንዲራውም ሊወጣበት ይችላል። በዚያ ክፍተት ያለው ኮምፓስ፣ ሰዓትና የነፋስ ግምት ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን ገና ከመነሣታቸው በፊት የጣቢያውን ሞገድ አስገብተው በሞርስ የሚያሰማውን መለያ በጆሯቸው እንዲያረጋግጡ አስገድዳቸዋለሁ። በሲሙሌተር አውሮፕላኑ ደመና እንደገባ ጂፒኤሱን ሳጠፋባቸው፣ ያልተዘጋጀው እጁን ወደ ስክሪኑ ሰዶ ቁልፍ መነካካት ይጀምራል፤ ከፍታ መለኪያውን የሚያየው የለም። የተዘጋጀው ክንፉን አስተካክሎ፣ አቅጣጫውን ይዞ መውጣቱን ይቀጥላል።

ይህ የድሮ ሰው ናፍቆት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ፊንኤር ወደ ኢስቶኒያዋ ታርቱ የሚያደርገውን በረራ ለአንድ ወር አቋርጦ ነበር። የአየር ማረፊያው የማረፊያ ሥርዓት በጂፒኤስ ላይ የቆመ ስለነበር፣ ምልክቱ ሲታወክ አውሮፕላኖቹ ሳያርፉ ተመልሰዋል። የእኛም አውሮፕላኖች ወደ ቴል አቪቭና ቤይሩት የሚበሩበት ምሥራቅ ሜዲትራንያን የጂፒኤስ ምልክት ከሚታወክባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ምልክቱ ሲጠፋስ ቢያንስ ይታወቃል። አስመስሎ የተላከ የሐሰት ምልክት ግን አውሮፕላኑን ሌላ ቦታ ያለ አስመስሎ ያሳየዋል።

የምድር ጣቢያ ጥገናው ውድ ነው፣ ዘመኑም አልፎበታል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ወጪው እውነት ነው፤ ሳተላይትም ጣቢያ መትከል ላልተቻለባቸው ሸለቆዎች መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን አሜሪካ እንኳ ብዙ ቪኦአሮቿን ስትዘጋ ሁሉንም አልዘጋችም። ጂፒኤስ የጠፋበት አውሮፕላን በ100 የባሕር ማይል ውስጥ በምድር መሣሪያ ታግዞ የሚያርፍበት አየር ማረፊያ እንዲያገኝ ዝቅተኛ መረብ አስቀርታለች። ሀብታሙ አገር መጠባበቂያ ካስፈለገው፣ ተራራ የከበበን እኛ በምን ልባችን እንተወዋለን?

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። በደጋ ባሉ አየር ማረፊያዎቻችን ዙሪያ የሚሠሩ የምድር ጣቢያዎች በጀት ተይዞላቸው ይጠገኑ፣ በየጊዜውም በበረራ ይፈተሹ። ያለ ጂፒኤስ የሚበረር መነሻ የእያንዳንዱ አብራሪ ተደጋጋሚ ፈተና አካል ይሁን። አብራሪው «ዛሬ በዚህ ክብደት አልነሣም» ሲል ደግሞ አለቃም ሆነ ተሳፋሪ አያስጨንቀው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል፤ ጣቢያ ለመጠገንም ሆነ አብራሪ ለማሠልጠን ጊዜው አደጋ ከመድረሱ በፊት ነው።