በራሱ ላይ የመሰከረ አሳላፊ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ የመብል ቤት ክብር በጌጡ የሚለካ ይመስለኝ ነበር። በሰፈራችን አራት ገበታ ብቻ ያላት፤ ቀለሟ የለቀቀ አንዲት ፒሳ ቤት አለች። ፒሳ ትውልዱ ከኢጣልያ ከናፖሊ ከተማ ሲሆን፤ በአገራችን ግን ስለ ረቡዕና ስለ ዓርብ ጾም አይብ የሌለበት፤ ቲማቲም፤ ቃሪያና ሽንኩርት ብቻ የተነሰነሰበትም ይጋገራል። ባለፈው ዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እናቴንና ልጆቼን ይዤ ገብቼ ይህንኑ አዘዝሁ።

መብሉ ቀርቦ እናቴ አማትባ እጅዋን ስትዘረጋ አሳላፊው ልጅ እየሮጠ መጣና፤ «እማማ፤ ይቅር ይበሉኝ። አይብ ያለበትን የቆረጥሁበትን ቢላዋ ሳላጥብ ይህን ቆረጥሁበት» አለ። ወዲያው አንሥቶ ሌላ አስጋገረ፤ ለፊተኛውም ዋጋ አልጠየቀም። ልጆቼ በራብ ቢያጕረመርሙም እናቴ ግን ልጁን መረቀችው።

እኔ በፍርድ ቤት ጸሓፊነቴ የብዙ ሰው ቃል ጽፌአለሁ፤ ማንም ሳያየው በራሱ ላይ የመሰከረ ግን ጥቂት ነው። ዝም ቢል ኖሮ እናቴ ሳታውቅ ጾሟን በገደፈች ነበር።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ከመብል ቤት ስትመለሱ ልጆቻችሁን ስለ ጣዕሙ ብቻ አትጠይቋቸው፤ ያስተናገዳቸው ሰው ያደረገውንም ጠይቋቸው።