የፊት መሙያ መርፌ ከመወጋትዎ በፊት

ሴት ልጅ መልኳን ለማሳመር መድከሟ የዛሬ ነገር አይደለም። አያቶቻችን እንሶስላ ሞቀዋል፤ ወይባ ጢስ ገብተዋል፤ ዓይናቸውን ተኩለዋል፤ አንገታቸውንና ድዳቸውን ተነቅሰዋል። ስለዚህ መርፌና ቁንጅና በአገራችን ድሮም ይተዋወቃሉ ማለት ይቻላል። ልዩነቱ፣ የያኔው መርፌ ከቆዳ ሥር የሚያስቀምጠው ጥቀርሻ መሆኑን ነቃሿም ተነቃሿም ማወቃቸው ነው። የዛሬዋ ተወጊ ግን ፊቷ ውስጥ የገባው ነገር ምን እንደሆነ ስትጠየቅ ብዙ ጊዜ መልሷ «ፊለር ነው» ከማለት አያልፍም።

ታዲያ ፊለር የአንድ መድኃኒት ስም አይደለም። ትርጉሙ «መሙያ» ማለት ብቻ ነው። «ዘይት» እንደማለት ነው፤ የኑግም ዘይት ነው፣ የመኪናም ዘይት ነው። ወጥ ሊሠሩ ገበያ ወጥተው «ዘይት ስጡኝ» ብለው የተሰጥዎትን ሳያዩ እንደማይመለሱ ሁሉ፣ ፊትዎን ሰጥተው «ፊለር ውጉኝ» ማለትም አይበቃም። የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ላይ ያተኩራል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

በመጀመሪያ ፊት ለምን እንደሚጎድል እንመልከት። ዕድሜ ሲገፋ ከቆዳ በታች ያለው ስብ ይሳሳል፤ ከቦታውም ዝቅ ይላል። ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን የተባለው ክር መሰል ፕሮቲን ይቀንሳል፤ የመንጋጋ አጥንት ሳይቀር ይመነምናል። ፀሐይና ሲጋራ ደግሞ ይህን ሁሉ ያፋጥኑታል። መሙያው ይህን የጎደለ ቦታ ከውስጥ ይሞላል፤ ወይም ከንፈርን ወፈር ያደርጋል። ከቦቶክስ ጋር አንድ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ አይደለም። ቦቶክስ የፊት ጡንቻ እንዳይኮማተር ለጊዜው የሚያዝል መድኃኒት ሲሆን፣ ፊለር ግን ቦታ የሚይዝ ነገር ነው።

ዛሬ በዓለም በብዛት የሚሠራበት መሙያ ሃያሉሮኒክ አሲድ ይባላል። አሲድ መባሉ አያስደንግጥዎ፤ የሚያቃጥል አይደለም። በ1934 ካርል ማየርና ጆን ፓልመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በኒው ዮርክ ከተማ ከላም ዓይን ውስጥ ለይተው ያወጡት ዝልግልግ ነገር ነው። በእኛም ሰውነት ውስጥ ይገኛል። በአንድ 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው ውስጥ ወደ 15 ግራም የሚጠጋ ሲኖር፣ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በቆዳ ላይ ነው። ውሃ ስለሚይዝ ቆዳን ያረጥባል። ሰውነት ግን የራሱን ሃያሉሮኒክ አሲድ በየቀኑ እያፈረሰ በየቀኑ ይተካዋል፤ ስለዚህ ፋብሪካዎች ቶሎ እንዳይፈርስ እርስ በርሱ አስተሳስረው እንደ ጄል ያደርጉታል። በመርፌ የሚሰጠውም ይኸው ነው። አንዱ ሲሪንጅ በተለመደው 1 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ስለሆነ የማንኪያው አምስተኛ እጅ መሆኑ ነው። እንደ ምርቱና እንደተወጋው ቦታ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይቆያል፤ ከዚያ ይጠፋል። በደመወዝ የምንተዳደር ሴቶች ወጪውን ስናሰላ እንግዲህ እንደ አንድ ቀሚስ ዋጋ ሳይሆን እንደ ቤት ኪራይ ተመላላሽ አድርገን ማየት ይኖርብናል።

ሰው እዚህ ላይ የደረሰው ብዙ ፊት ካበላሸ በኋላ ነው። በ1899 ሮበርት ጌርሱኒ የተባለ የቪየና ቀዶ ጥገና ሐኪም ፓራፊንን፣ ማለትም ከነዳጅ የሚወጣውን ሰም መሰል ነገር፣ በሰው ሰውነት ውስጥ በመርፌ ማስገባት ጀመረ። ሰሙ መጨማደድን ይሞላል ተብሎ ወሬው በየአገሩ ተዛመተ። ግላዲስ ዲከን የተባለች በውበቷ ስሟ የገነነ አሜሪካዊት፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ መጀመሪያ ላይ አፍንጫዋን እንደ ግሪክ ሐውልት ቀጥ ለማድረግ ፓራፊን ተወጋች። ሰሙ ከቦታው ተንሸራትቶ ወደ ታች ወረደ፤ ያ የተወራለት መልክም ተበላሸ። በ1921 የእንግሊዙን የማርልቦሮ መስፍን አግብታ የመስፍን ሚስት ብትሆንም፣ ገንዘቡም ማዕረጉም ሰሙን ሊያወጡላት አልቻሉም። ሌሎች ሴቶች ጠጣር እብጠት ወጣባቸው፤ ዓይናቸውን ያጡም ነበሩ።

ከዚያ ፈሳሽ ሲሊኮን መጣ። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ላስ ቬጋስ ከተማ በመድረክ የሚደንሱ ሴቶች ጡታቸውን በዚሁ ይወጉ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጡታቸው ሲደድር፣ ሲቆስልና እስከ መቆረጥ ሲደርስ የኔቫዳ ክፍለ ግዛት በ1975 በሕግ ከለከለው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈሳሽ ሲሊኮንን ለፊትም ሆነ ለዳሌ ማሳመሪያ በመርፌ እንዲሰጥ ፈቅዶ አያውቅም፤ በ2017 ደግሞ ለሞት ሊያደርስ እንደሚችል ለሕዝቡ አስጠንቅቋል። በ1981 ከከብት ቆዳ የተሠራ ኮላጅን ተፈቀደ። ይህ የተሻለ ነበር፤ ሆኖም የሚያሳክካቸውና የሚያሳብጣቸው ሰዎች ስለነበሩ አስቀድሞ በክንድ ላይ ተሞክሮ ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። የሃያሉሮኒክ አሲዱ መሙያ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2003 ማለቂያ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ይህን ሕክምና የቅንጦት ብቻ አድርጎ መመልከት ትክክል አይመስለኝም። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት በጀመረበት በ2005 እና በተከታዮቹ ዓመታት ስታቩዲን የተባለው መድኃኒት በብዙ ታማሚዎች እጅ ነበር። መድኃኒቱ ሕይወት አድኗል፤ ነገር ግን የአንዳንዶቹን የጉንጭ ስብ አሟጦ ፊታቸውን አጎደጎደው፤ ሰው በፊታቸው ብቻ እያየ በሽታቸውን የሚያውቅባቸው ሆኑ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 አገሮች ስታቩዲንን ደረጃ በደረጃ እንዲተዉት መክሯል። ለእንዲህ ዓይነቱ የጉንጭ ጉድለት ፖሊላክቲክ አሲድ የተባለ ሌላ መሙያ በ2004 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ሥራ ቦታ ቀና ብሎ መግባት ላቃታት እናት እንዲህ ያለውን መርፌ ማን ቅንጦት ይለዋል?

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። መርፌው ከባድ አደጋ የሚያመጣው በአንድ ዋና መንገድ ነው፤ ይኸውም ጄሉ ከቆዳ ሥር በመቀመጥ ፋንታ ደም ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ነው። ደም መሄጃውን ሲደፍነው ቧንቧው ይመግበው የነበረው ቆዳ ይሞታል፤ ይጠቁራል፤ ይቆስላል፤ ጠባሳ ይተዋል። ከዚህም የሚብስ አለ። በአፍንጫ፣ በቅንድብ መካከልና በግንባር ያሉት የደም ቧንቧዎች ዓይንን ከሚመግበው ቧንቧ ጋር ይገናኛሉ። ጄሉ በመርፌው ግፊት ወደ ኋላ ተገፍቶ እዚያ ከደረሰ የዓይን ብርሃን በቅጽበት ሊጠፋ ይችላል፤ አንዴ ከጠፋም የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው። ይህ የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው፤ በሠለጠነ ሐኪም እጅም ቢሆን ሊደርስ ይችላል። በሠለጠነውና ባልሠለጠነው መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት አደጋው በደረሰ ጊዜ ያየውን ማወቁና ወዲያው ምን እንደሚያደርግ መሠልጠኑ ነው።

ምልክቶቹን እርስዎም ይወቋቸው። በተወጋው ቦታ ወይም ከእሱ ራቅ ብሎ ቆዳው በድንገት ይነጣል፤ ቀጥሎም እንደ መረብ ያለ ሐምራዊ ወይም ጠቆር ያለ መልክ ይይዛል። በጠይም ቆዳ ላይ መንጣቱ በደንብ ላይታይ ስለሚችል በጣት ተጭኖ መልቀቅ ይረዳል፤ የተጫኑት ቦታ ደሙ ቶሎ ካልተመለሰ ያሠጋል። ከመርፌው ጋር የማይመጣጠን ኃይለኛ ሕመምም ምልክት ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ጄሎች ማደንዘዣ ስለተቀላቀለባቸው «አላመመኝም» ብሎ መዘናጋት አይገባም። ዓይን ከደበዘዘ፣ ሁለት ሁለት ካየ ወይም በዓይን ውስጥ ሕመም ከተሰማ እስከ ነገ ማደር የለም፤ የዓይን ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል በዚያችው ደቂቃ መሮጥ ነው።

እንግዲህ የሃያሉሮኒክ አሲዱ መሙያ ከሌሎቹ የሚሻልበት ትልቁ ምክንያት እዚህ ላይ ይታያል። ማፍረሻ አለው። ሃያሉሮኒዴዝ የሚባለው መድኃኒት በቦታው ሲወጋ ጄሉን ያሟሟዋል፤ የተደፈነውን የቆዳ ደም መሄጃ በጊዜው ከደረሰ ሊከፍተው ይችላል፤ ያላማረ ከንፈርንም ወደነበረበት ይመልሳል። ሲሊኮን፣ ከላይ የጠቀስነው ፖሊላክቲክ አሲድና ካልሲየም ያለበት መሙያ ግን በዚህ መድኃኒት አይፈርሱም። ስለዚህ ከመቀመጥዎ በፊት «ስንት ነው?» ከማለት በፊት የሚጠይቁት ይህ ነው፦ በሲሪንጁ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ማፍረሻውስ አሁን በዚህ ክፍል ውስጥ አለ ወይ? «አያስፈልግም፣ እኔ ዘንድ ችግር ደርሶ አያውቅም» የሚል መልስ ከተሰጠዎ፣ ቦርሳዎን አንስተው ቢወጡ ማንም ባለጌ አይልዎትም። ንብ ሲነድፋቸው በኃይል የሚያብጡ ሰዎች ማፍረሻው ሊያስቆጣቸው ስለሚችል ይህን አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ።

ፀጉር ቤት ፀጉር ይሠራል፤ ጥፍርም ይሠራል። መርፌ ግን የሕክምና ሥራ ነው፤ የቆዳ ሐኪም ወይም የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም ይፈልጋል። ከዱባይ ወይም ከቤይሩት ዘመድ በሻንጣ ያመጣው ሲሪንጅ ቢሆን እውነተኛው ምርት ቢሆን እንኳ በምን ሙቀት እንደከረመ አይታወቅም፤ የታወቁት ጄሎች ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ቦታ እንዲቀመጡ አይፈቀድም። መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ በአገራችን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ሌላም አለ፤ ያለ መርፌ በአየር ግፊት ጄሉን ወደ ቆዳ የሚረጭ ብዕር መሰል መሣሪያ ለቤት አገልግሎት እየተባለ ይሸጣል። የአሜሪካው አስተዳደር በጥቅምት 2021 ማንም እንዳይጠቀምበት አስጠንቅቋል። ግፊቱ ጄሉን የት እንደሚያደርሰው የሚያዝዘው ሰው ስለሌለ መርፌ የለውምና አይጎዳም የሚለው አነጋገር ስሕተት ነው።

ሁሉም ሰው አይወጋም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ጉዳቱ በእነርሱ ላይ በደንብ ስላልተጠና ይቆዩ። በፊታቸው ላይ ቁስል፣ ብጉር ወይም የከንፈር ምች ያለባቸው እስኪድኑ ይጠብቁ። ጆሮዋን ስትበሳ ወይም ስትቆስል ጠባሳው እያበጠ የሚያድግባት ሴት ሐኪሙን ሳታማክር መርፌ አታስነካ፤ በጠይም ቆዳ ላይ መርፌው ያረፈበት ቦታ ጠቁሮ ሊቀር እንደሚችልም ይታሰብ። ጥርሳቸው በመውለቁ ጉንጫቸው የጎደለ እናቶች ደግሞ ከመሙያው ይልቅ የጥርስ ሐኪም ይበጃቸዋል። ጉንጭ በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት ከጎደለና ክብደትም ከቀነሰ ነገሩ የዕድሜ ላይሆን ይችላል፤ ስኳር፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የእንቅርት ዕጢ በሽታ እንዲህ ያደርጋል። ያንን በጄል ሞልቶ መሸፈን በሽታውን ማሳደግ ነው።

ለሠርግ የሚዘጋጁ ልጃገረዶችና እናቶቻቸው ደግሞ ቀኑን ያስሉ። እብጠቱና የበለዘው ቦታ እስኪጠፋ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል አንድ ወር አስቀድሞ መሆን አለበት እንጂ በሠርጉ ሰሞን አይደለም። ገና ያልጎረመሰች ወይም በትምህርት ላይ ያለች ልጅ ከንፈሬን ልወጋ ብትልዎ ከመቆጣት ይልቅ ምክንያቱን ይጠይቋት። በእንግሊዝ አገር ከጥቅምት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ዕድሜዋ 18 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ለመልክ ሲሉ መሙያ መውጋት በወንጀል ያስቀጣል። እኔ በበኩሌ ሕጉ ትክክል ነው እላለሁ፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ፊት ገና በማደግ ላይ ያለ ነውና።

ቀድመው ተወግተው ከሆነና ውስጡ ምን እንደሆነ ካላወቁ፣ የተወጉበት ቦታ ሄደው የምርቱን ስም ያስጽፉ። በየሲሪንጁ ማሸጊያ ላይ የምርቱ ስምና መለያ ቁጥር የተጻፈበት ተለጣፊ ወረቀት አለ፤ አንዱ የእርስዎ ነው፣ ይጠይቁ። ከወራት በኋላ ጠጠር የመሰለ ነገር ከተዳሰስዎ ወይም ጉንፋንና የጥርስ ሕመም ተከትሎ ፊትዎ ካበጠ በጣት እያሹ ለማፍረስ አይሞክሩ፤ የጭቃ ሹምም አይወጉት፤ ወረቀቱን ይዘው ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ። የጥርስ ሐኪምዎም ቢሆን ከመንቀሉ በፊት ይወቀው። ወረቀቱ ቀጭን ስለሆነ በቀላሉ ይጠፋል፤ ከልጆችዎ የክትባት ካርድ ጋር ቢያስቀምጡት አይጠፋብዎትም።